ስድቡ ለጎሳ፣ ስልኩ ለወንድም

አንዲት የጅግጅጋ ልጅ የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡበት ክፍል፣ ፀጉሯን ገልጣ ስትጨፍር ተቀረጸች እንበል። የቀረጸቻት ጓደኛዋ ናት፤ ክፋት አላሰበችም። ቪዲዮው በዋትስአፕ ለአንዷ ተላከ፣ ከእሷም ለሌላዋ። ከጥቂት ቀን በኋላ ስሙ የማይታወቅ ሰው የልጅቷን ስምና የአባቷን ጎሳ ጽፎበት ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ልጅቷ ለኩባንያው አመለከተች። መልሱ ቶሎ መጣላት፤ ቪዲዮው ደንብ አይጥስም የሚል።

እውነትም አይጥስም። ደንቡን ላረቀቀው ሰው ይህ አንዲት ወጣት ሠርግ ላይ ስትጨፍር የሚያሳይ ምስል ነው። እርቃን የለበትም፣ ደም የለበትም፣ ዛቻም የለበትም። ጅግጅጋ ላይ ግን ይኸው ምስል የታጨችውን ልጅ እጮኛዋን ሊያሳጣት፣ ከትምህርት ሊያስቀራት፣ ወንድሟን ከሰው ሊያጋድል ይችላል። ለዚህ ነው በአንዳንድ ሠርጎች ሴቶቹ ሲገቡ ስልካቸው በር ላይ የሚሰበሰበው። ሴቶቹ የኩባንያዎቹን ደንብ ሳያነቡ የራሳቸውን ደንብ አውጥተዋል።

ስለ ኢንተርኔት ተደራሽነት የሚወራበት ስብሰባ አለ፤ እዚያ የሚነሣው የኔትወርክ ማማ፣ የፓኬጅ ዋጋ፣ አራተኛውና አምስተኛው ትውልድ ነው። በኢንተርኔት ስለሚደርስ የሴቶች ጥቃት የሚወራበት ደግሞ ሌላ ስብሰባ ነው፤ የሚጠሩት ሰዎችም ሌሎች ናቸው። በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች፣ ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከሽንሌ እስከ ደወሌ ያለውን ኑሮ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። እዚህ ስሟ አንዴ በክፉ የተነሣ ሴት ኔትወርክ እያለም ከኢንተርኔት ትወጣለች።

መጀመሪያ ስልኩ ማን እጅ እንዳለ እንይ። ዳታሪፖርታል የተባለው የኢንተርኔት መረጃ አጠናቃሪ ለጥር 2016 ዓ.ም. ባወጣው ግምት በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከሕዝቡ 19.4 በመቶ ነበር። ያን ጊዜ ከአምስት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ያ አንዱም ከተሜ፣ የተማረና ወንድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጅግጅጋ ከጠረፍ ከተሞች መካከል በኔትወርክ የተጎዳች አይደለችም። ሽንሌም ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ሳፋሪኮም ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በድሬዳዋ ነው፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ቶጎ ውጫሌ ደግሞ የተለየ ነገር አላት። ከድንበሩ ወዲያ ያለው የሶማሌላንድ ኔትወርክ ወዲህ ይሻገራል፤ ነጋዴዋ የሁለቱንም አገር ሲም ይዛ ትዞራለች። ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ ዛድ የሚባለውን የሞባይል ገንዘብ ሐርጌሳ ላይ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። የእኛው ቴሌብር የመጣው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው 12 ዓመት ገደማ አለ፤ በእነዚያ ዓመታት የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ በስልክ ገንዘብ መቀበልን የተማረችው ከጎረቤት ነው።

ነጋዴዋን ለምን አነሣኋት? በነዚህ ከተሞች ጉሊቱ በሴት የተያዘ ስለሆነ ነው። ከአወዳይ ተነሥቶ በጅግጅጋ በኩል ድንበር የሚሻገረውን ጫት በየከተማው ዘርግታ የምትቸረችረው ሴት ናት። የግመል ወተት ከገጠር ተቀብላ ለከተማ የምታደርስ፣ ልብስና ሽቶ ከጠረፍ የምታመጣም ሴት ናት። ለእነዚህ ሴቶች ስልክ መዝናኛ አይደለም። ዱቤ የሚጠየቀው፣ ጭነት መነሣቱ የሚነገረው፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ኦስሎ ያለ ዘመድ ገንዘብ መላኩን የሚያሳውቀው በስልክ ነው። ስልኳን የተቀማች ነጋዴ ሱቋ እንደተዘጋባት ቁጠሯት።

እዚህ ላይ ማንም የማያነሣው አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር አለ፤ ሲሙ የወጣው በማን ስም ነው? ሲም ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል። መታወቂያ የሌላት ሴት በባሏ ወይም በወንድሟ ስም ታወጣለች። ያ ቁጥር ደግሞ የፌስቡኳ፣ የዋትስአፗ፣ የቴሌብሯ መግቢያ ነው። የይለፍ ቃል ሲጠፋ ኮዱ የሚላከው በዚያ ቁጥር ነው። ሲሙ ቢጠፋ ምትክ የሚሰጠው ስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። እናም አንድ የተቆጣ ወንድም ወደ ቴሌ ሱቅ ብቅ ብሎ የእኅቱን መልእክትና ገንዘብ ባንድ ከሰዓት በኋላ የራሱ ማድረግ ይችላል፤ ሕጉም የሲሙ ባለቤት እሱ ነው ይለዋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ ለአዲስ አበባ ሰው የባንክ ቤት ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ለቀብሪበያህ ሴት ግን ቁጥሩ በስሟ ይሁን ወይስ በወንድሟ የሚለውን የሚወስን ወረቀት ነው።

ከስልኩ ቀጥሎ የፊደሉ ነገር ይመጣል። ሶማልኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው ሞቃዲሾ ላይ በ1965 ዓ.ም. ነው። በኛ በኩል በቋንቋው ማስተማር የተስፋፋው ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ነው። እናትና አያት የሆኑት የክልሉ ሴቶች አብዛኞቹ ትምህርት ቤት አልገቡም። ኢንተርኔት ግን አላመለጣቸውም፤ የገቡበት በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ነው። የሶማሌ ሴት ቡራንቡር በሚባለው የራሷ የግጥም ዘርፍ ሠርግ ስታደምቅ፣ ስትወቅስና ስታወድስ የኖረች ናት፤ የዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ሲመጣ እንግዳ አልሆነባትም። የሥራ ወሬ፣ ምክር፣ እቁብ፣ የሕፃን መድኃኒት፣ ሐሜቱም ጭምር በድምፅ ይሄዳል። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የክልሉ ሴቶች ወደ 99 በመቶ የሚሆኑት ተገርዘዋል። ይህን በአደባባይ መጠየቅ ነውር በሆነበት አገር፣ በወሊድ የተቸገረች ሴት ሐኪም ዘመዷን በሹክሹክታ የምትጠይቅበት መሣሪያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መገመት አያቅትም።

ድምፅ ግን ለተሳዳቢም ያው ነው። ኩባንያዎቹ ክፉ ቃል ሲያጣሩ ከድምፅ ይልቅ ጽሑፍ መልቀም ይቀልላቸዋል። ሴንተር ፎር ኢንፎርሜሽን ሪዚሊየንስ የተባለ የብሪታንያ ተቋም በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያት ላይ በኢንተርኔት የሚደርሰውን ጥቃት ሲያጠና የስድብ ቃላት መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር። መዝገቡ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የእንግሊዝኛ ቃላትን የያዘ ነው። የጥናቱ ዋና ግኝት እዚህም ይሠራል፤ ስድቡ ከመለመዱ የተነሣ ማንም እንደ ጥቃት አያየውም። ሶማልኛ ግን መዝገቡ ውስጥ የለም። ፌስቡክን የያዘው ሜታ በበኩሉ በ2014 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ ይዘት የሚገመግሙ ሰዎች እንዳሉት አስታውቋል። ያን ጊዜ የዚህ ሥራ አንድ ማዕከል ናይሮቢ ነበር፤ ሳማ በሚባል ተቋራጭ የተቀጠሩ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ የሰው ክፋት ሲያዩ ይውሉ ነበር። ፌስቡክ ላይ ከተዘመተባቸው በኋላ በባሕር ዳር የተገደሉት የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ልጅና አንድ የመብት ተሟጋች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሜታን የከሰሱት በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከኢትዮጵያ ተጎጂ ወደ ኩባንያው የሚወስደው መንገድ በሌላ አገር ፍርድ ቤት በኩል ሆነ ማለት ነው። የሽንሌ ልጅ ያን መንገድ ትሄደዋለች ብሎ የሚጠብቅ የለም።

በቲክቶክ ላይቭ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። በሶማልኛ ተናጋሪው ዓለም ሁለት ሰዎች ላይቭ ገብተው በጎሳ ተከፍለው የሚሰዳደቡበት፣ ተመልካቹ ለየወገኑ ስጦታ የሚልክበት ውድድር ተለምዷል። ስጦታው በገንዘብ ይመነዘራል፤ ኩባንያውም ድርሻውን ይወስዳል። ተሳዳቢዎቹ አውሮፓና አሜሪካ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚሰደቡት ሰዎች እናትና እኅት ግን ጅግጅጋ ናቸው። የሶማሌ ልማዳዊ ሕግ በጦርነት ጊዜ እንኳ ብረት የማይነካቸውን ሰዎች ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ እንግዳ። በዚህ የስልክ ጦርነት መጀመሪያ የምትነካው ሴት ናት፤ የወንዱን ጎሳ ለማዋረድ አጭሩ መንገድ የሴቲቱን ስም ማንሣት ነውና። የሶማሊያ መንግሥት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ቲክቶክንና ቴሌግራምን አግጃለሁ ብሎ ነበር። ሶማሊያዊው ዛሬም ቲክቶክ ላይ ነው።

ከላይቩ ይልቅ ብዙ ልጆችን የሚያጠፋው ግን ጸጥ ያለው ነው፤ ፎቶ ይዞ ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር መጠየቅ። ይህን ለመከላከል በ2014 ዓ.ም. ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል አገልግሎት ተከፍቷል። ባለፎቶዋ ምስሉን ለማንም ሳትልክ ስልኳ ላይ የጣት አሻራ መሰል ቁጥር ይወጣለታል፤ የተባበሩት ኩባንያዎች ያ ቁጥር ያለውን ምስል እንዳይለጠፍ ያግዱታል። ብልህ አሠራር ነው፤ ሊታወቅም ይገባል። የሚቀበለው ግን እርቃንን ወይም ወሲብን የሚያሳይ ምስል ነው። ሠርግ ላይ ፀጉሯ የታየው ልጅ እዚህም በሩ ዝግ ነው የሚባላት። ዓለም አቀፉ መከላከያ የተሠራው በሌላ አገር ነውር ልክ ነው።

የጅግጅጋ ሰው ደግሞ ኢንተርኔትን የሚፈራበት የራሱ ታሪክ አለው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የያኔው የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ መሐመድ ዑመር ሜልቦርን በሄዱ ጊዜ የአውስትራሊያ ሶማሌዎች ተቃውሞ ወጡ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኋላ እንዳጋለጠው የሰልፈኞቹ ዘመዶች ክልሉ ውስጥ እየተለቀሙ ታሰሩ። ሜልቦርን ላይ የተቀረጸ ፊት እዚህ ቤት ድረስ ፖሊስ አመጣ። ያን ጊዜ ጄል ኦጋዴን የሚባለው የጅግጅጋ እስር ቤት ሥራ ላይ ነበር፤ ሴት እስረኞች እንደሚደፈሩበትም ያው ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መዝግቧል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ስትታመስ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ሰው የሚገደልበት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚቃጠልበት፣ ሴት የሚደርስባትን ለማንም መንገር የማትችልበት ሰዓት ነበር። ጄል ኦጋዴን በዚያው ሰሞን ከአስተዳደሩ ለውጥ በኋላ ተዘጋ። አንድ ሰው ስልክ ላይ የተናገረውን ዘመዱ ይከፍልበታል የሚለው ትምህርት ግን ከእስር ቤቱ ጋር አልተዘጋም። ያን የተማረ ቤተሰብ ልጁ ቪዲዮ ስትለጥፍ ቢደነግጥ አይገርምም።

የተናገሩ የሉም ማለት አይደለም። ከሶማሌ ክልል የወጣችው ፊልሰን አብዱላሂ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ሚኒስትር ሳለች በየካቲት 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አስገድዶ መድፈር መፈጸሙን በትዊተር አረጋገጠች፤ መንግሥት ውስጥ ሆኖ ያን ያህል በግልጽ የተናገረ ባለሥልጣን ጥቂት ነበር። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከሥልጣን ስትለቅም ደብዳቤዋን ያወጣችው እዚያው ነው። ከድንበሩ ወዲያም በ2014 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ላይ ቢላን የሚባል፣ ከአዘጋጅ እስከ ካሜራ በሴቶች ብቻ የሚሠራ የዜና ክፍል ተከፍቷል። ሚኒስትሯ ሥልጣን ነበራት፣ የቢላን ሴቶች ተቋም አላቸው። የጉሊቷ ነጋዴና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ የሚተማመኑት በቤተሰባቸው ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ ስሙ ሲነሣ የሚያደርገውን አይተናል።

ሕግስ? ሕግ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ማንበብ የሚገባው ነው። በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በቪዲዮ ሰውን ማስፈራራት ወይም መዛት እስከ ሦስት ዓመት፣ ሲከብድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። ስለ ተጎጂዋ ወይም ስለ ቤተሰቧ መረጃ ደጋግሞ በመላክ ወይም ግንኙነቷን በመከታተል ፍርሃትና ጭንቀት የፈጠረ ሰው እስከ አምስት፣ ሲከብድ እስከ አሥር ዓመት ይቀጣል። ስም ማጥፋቱ ደግሞ በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ጥላቻ የሚነዛባቸውን ማንነቶች ሲዘረዝር ጾታን ከብሔርና ከሃይማኖት ጋር አስቀምጧል፤ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡም ያዝዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተጨምሮበታል። ወረቀቱ ከብዙ ጎረቤት አገሮች አያንስም።

ችግሩ ከወረቀቱ እስከ ሴቲቱ ያለው ርቀት ነው። የኮምፒውተር ወንጀልን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የአይሻ ልጅ በወረዳዋ ፍርድ ቤት ከስሳ አትጨርስም። ማስረጃው ስልኳ ላይ ነው፤ ፖሊስ ጋ ስትሄድ ያንኑ ያፈረችበትን ቪዲዮ ለማታውቃቸው ወንዶች ልታሳይ ነው። ብዙዎቹም በድንጋጤ መልእክቱን አጥፍተው፣ አካውንታቸውን ዘግተው ነው ለሰው የሚናገሩት። የጥላቻ ንግግር አዋጁ ጅግጅጋ ላይ በማን ላይ እንደዋለ ደግሞ የሚታወቅ ምሳሌ አለ። ጋዜጠኛ ሙህያዲን መሐመድ አብዱላሂ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የታሰረውና በዚሁ አዋጅ የተከሰሰው፣ የጋዜጠኞች ተሟጋቹ ድርጅት ሲፒጄ እንደዘገበው፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጉብኝት መንገድ መዘጋቱን ፌስቡክ ላይ በመንቀፉ ነው። የሴት ፎቶ ይዞ የሚያስፈራራ ጎረምሳ ላይ ዐቃቤ ሕግ በዚያ ፍጥነት ተንቀሳቀሰ ሲባል አልሰማሁም። አዋጁ ጥርስ አለው፤ የሚነክሰው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ይህን በንቀት የሚያዩ የከተማ ጸሐፊዎች አሉ፤ ተሳስተዋል። ሄር የሚባለው የሶማሌ ልማዳዊ ሕግ የዛፍ ጥላ ወግ ብቻ አይደለም። ኢሳ የሚባለው የሶማሌ ጎሳ ሄር በኅዳር 2017 ዓ.ም. በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ሄር ክብርን መንካትን እንደ አካል ጉዳት የሚካስ በደል አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ካሣው ሐል ይባላል። ዘመናዊው ሕግ ያላደረገውን አንድ ነገርም ያደርጋል፤ ሐሰተኛውን አካውንት ያገኛል። ሳይበር መርማሪ የማይደርስበትን ሰው ሽማግሌው በጎሳ ቆጠራ ይደርስበታል። ልጁ ካናዳ ቢሆን አጎቱ ጅግጅጋ ነው፤ አጎቱ ሲጠራ ቪዲዮው ይነሣል። ፍጥነቱን ከፍርድ ቤቱ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ግን ጉባኤውን ተመልከቱት። የኢሳዎቹ ታላቁ ጉባኤ 44 አባላት አሉት፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። በብዙው የሶማሌ ልማድ የወንድ ደም 100 ግመል፣ የሴት 50 ነው። ሐሉንም የሚቀበለው አባቷ፣ ባሏ ወይም ወንድሟ ነው። የተበደለው ጎሳ ተደርጎ ይታያል፤ ጎሳው ተካሰ፣ ጎሳዎቹ ታረቁ፣ ፋቲሓ ተቀራ። ልጅቷ ጉባኤው ላይ አልነበረችም፤ ምን እንደምትፈልግም አልተጠየቀችም። ቤት ስትመለስ ነገሩ እንዳይደገም ተብሎ ስልኳ ይወሰዳል። ስልኩ ወንድሟ እጅ ይገባል፤ ሲሙ ቀድሞም በእሱ ስም ነበር። አጥፊው ከሳምንት በኋላ ሌላ አካውንት ይከፍታል። ከክልሉ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ቁጥር አንዲት ሴት ትቀንሳለች፤ ምክንያቱ በየትኛውም ሪፖርት አይጻፍም።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በእነዚህ ከተሞች ለሴት መብት የሚሠራ ሰው ፌዴራል ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ወይም ኩባንያዎቹ ሶማልኛ እስኪሰሙ መጠበቅ የለበትም። ሽማግሌው ዛሬ አለ። የጎሳ መሪዎቹ፣ ማለትም ኡጋሶቹና ሱልጣኖቹ፣ ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሁለት ነገር ቢወስኑ ብዙ ይለወጣል፤ የስልክ ስድብ ሐል ለራሷ ለተሰደበችው እንዲከፈል፣ በእርቁም ላይ ስልኳ እንዳይወሰድባት የሚል ቃል እንዲገባ። ሄር ከዘመን ዘመን እየተጨመረበት የመጣ ሕግ ነው፤ ይህን መጨመር አያቅተውም።

ጥቃቱ ለደረሰባት እኅት፦ መልእክቱን ከማጥፋትሽ በፊት ስክሪንሾት አንሺ፤ የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ፤ ሊንኩንም ገልብጠሽ ለምታምኛት ሰው ላኪ። ሽማግሌም ዳኛም የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

ለወንድሟ ደግሞ፦ ስልኳን መልስላት። መታወቂያዋን ስታወጣም አብረሃት ወደ ቴሌ ሂድና ሲሙን በስሟ አዙርላት።